በሰባት ድምፅ የተሸነፉት የታላሴሪው ጠበቃ

የአንባቢያን ጥያቄና የአዘጋጁ መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ በንጉሡ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስማር ሒሳብ ያስተማሩን መምህር ከደቡብ ሕንድ፣ ከኬረላ የመጡ ሰው ነበሩ። ስለ አገራቸው ፖለቲካ ስንጠይቃቸው፣ ለምክር ቤት ተወዳድሮ በሰባት ድምፅ ብቻ ከተሸነፈ በኋላ በክርክር ወንበሩን ያስመለሰ የአንድ ትንሽ ከተማ ጠበቃ እንደ ነበረ ይነግሩን ነበር። ስሙን አልያዝኩትም። ይህ ሰው ማን ነው? ከአውራጃ ጥብቅና ተነሥቶ ሕግ አውጪ እስከ መሆን የደረሰውስ እንዴት ነው? በሰፊው ብትገልጹልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ጡረተኛ መምህር፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ አስተማሪዎ የነገሯችሁ እውነት ነው። በዚያ ዘመን በአገራችን ትምህርት ቤቶች ካስተማሩት ሕንዳውያን ብዙዎቹ የኬረላ ሰዎች ስለ ነበሩ፣ ይህን ታሪክ የሰማ ተማሪ እርስዎ ብቻ አይመስሉኝም። ሰውየው ቪ. አር. ክሪሽና አይየር ይባላሉ። ዛሬ በሕንድ ስማቸው ሲነሣ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው የሰጧቸውን ፍርዶች ነው፤ እርስዎ የጠየቁት ግን ከዚያ በፊት ስለ ነበረው የጥብቅናና የምክር ቤት ዘመናቸው ነው። እኔም ይህን ዘመን በሰፊው ማየቱን እመርጣለሁ፤ ኋላ በዳኝነት ወንበር ተቀምጠው የወሰኗቸው ነገሮች መነሻቸው እዚያ ነውና። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ክሪሽና አይየር በ1915 በፓላካድ ተወለዱ። አባታቸው በማላባር ጠረፍ በምትገኘው በኮይላንዲ የሚሠሩ ጠበቃ ስለ ነበሩ፣ የችሎት ወሬ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጆሯቸው የለመደው ነገር ነበር። በፓላካድና በአናማላይ ዩኒቨርሲቲ ከተማሩ በኋላ በማድራስ የሕግ ትምህርታቸውን ጨርሰው፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ ገደማ በታላሴሪ ከተማ ጥብቅና ጀመሩ። ታላሴሪ በዐረብ ባሕር ዳርቻ ያለች፣ የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ቁንዶ በርበሬ ይነግድባት የነበረች፣ የሰሜን ማላባር ሰው ክርክሩን ይዞ የሚመጣባት የፍርድ ቤት ከተማ ናት።

በዚያን ጊዜ የጎረቤቶቹ የትራቫንኮርና የኮቺን ሕዝብ በየራሱ ንጉሥ ሲተዳደር፣ ማላባር ግን በእንግሊዞች ቀጥተኛ አገዛዝ ሥር የማድራስ ጠቅላይ ግዛት አንድ አውራጃ ነበር። መሬቱ «ጃንሚ» በሚባሉ ባለርስቶች እጅ ሲሆን፣ ከእነርሱ በታች ደረጃ በደረጃ የተደራረቡ ተከራይ ገበሬዎች ይኖራሉ፤ ከሁሉ በታች ያለው ገበሬ ኪራዩን ሲያጎድል ወይም ባለርስቱ ሲቀየመው ከያዘው መሬት ይነቀላል። ስለ እርቦና ስለ ሲሶ ከአባቱ የሰማ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከ1930ዎቹ ጀምሮ በዚህ አውራጃ የገበሬ ማኅበራትና ኮሙኒስቶች እየበረቱ፣ ከባለርስቱና ከፖሊስ ጋርም መጋጨት እያዘወተሩ መጡ። ከእያንዳንዱ ግጭት በኋላ ሰዎች ይታሰራሉ፣ ክስ ይመሠረታል፣ ጠበቃ ይፈለጋል። ክሪሽና አይየር ለእነዚህ ገበሬዎችና ለሠራተኞች ጥብቅና የሚቆሙ ሰው ሆነው ታወቁ።

ይህም ዋጋ አስከፈላቸው። በ1948፣ ሕንድ ነጻ በወጣች ማግስት፣ መንግሥት በኮሙኒስቶች ላይ ብርቱ እርምጃ በሚወስድበት ጊዜ፣ ፖሊስ በምርመራ ላይ ያሉ ሰዎችን ማሠቃየቱን ተቃውመው ስለ ተናገሩ፣ ለኮሙኒስቶች የሕግ ድጋፍ ሰጥተሃል ተብለው ለአንድ ወር ያህል ታሰሩ። ለክስ የበቃው «ጥፋት» ጥብቅና መቆም መሆኑን ልብ ይበሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ ወህኒ ቤትን የሚያውቁት ደንበኞቻቸውን ለመጠየቅ ገብተው በሚወጡበት በር በኩል ነበር፤ በዚያ አንድ ወር ግን በሩ ከኋላ የሚዘጋበት ሰው ምን እንደሚሆን አዩ። በቀረው ዕድሜያቸው በያዙት ሥልጣን ሁሉ የእስረኛን ነገር ማንሣት ያልተዉበትን ምክንያት የሚፈልግ ሰው ከዚህ ወር ራቅ ብሎ መሄድ ያለበት አይመስለኝም።

የ1950ው ሕገ መንግሥት ለአካለ መጠን ለደረሰ ሕንዳዊ ሁሉ ያለ ሀብትና ያለ ትምህርት ልዩነት የመምረጥ መብት ሰጠ። በዚህ መሠረት በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ለብቻው የምርጫ ሣጥን ይቀመጥ፣ በሣጥኑም ላይ የተወዳዳሪው ምልክት ይለጠፍ ነበር፤ ማንበብ የማይችለው መራጭ ምልክቱን አይቶ ወረቀቱን በፈለገው ሣጥን ይከታል። ክሪሽና አይየር በ1952 በታላሴሪ አቅራቢያ ባለው በኩቱፓራምባ የምርጫ ክልል በግል ተወዳድረው፣ 375 መቀመጫ ወዳለው የማድራስ ምክር ቤት ገቡ። ኮንግረስ ፓርቲ በዚያ ምክር ቤት አብላጫ ያጣበት ጊዜ ስለ ነበር የግል ተመራጮች ድምፅ ተፈላጊ ነበር፤ እርሳቸው ግን ከግራው ወገን ጋር በተቃዋሚነት ተቀመጡ።

በኖቬምበር 1 ቀን 1956 የሕንድ ክልሎች በቋንቋ ሲዋቀሩ ማላባር ከማድራስ ተነሥቶ ከትራቫንኮርና ከኮቺን ጋር ተቀላቀለ፤ ማላያላም ተናጋሪው ሕዝብም ኬረላ በሚባል አንድ ክልል ተሰበሰበ። በሚቀጥለው ዓመት በተደረገው የክልሉ ምርጫ ከ126 መቀመጫዎች ኮሙኒስቶች 60ውን ያዙ፤ ከእነርሱ ጋር የቆሙ አምስት የግል ተመራጮች ሲጨመሩ 65 ሆኑ። ከግማሽ የሚበልጡት በሁለት ወንበር ብቻ ስለ ሆነ መንግሥቱን ያቆመው የእነዚህ አምስት ሰዎች ድምፅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከታላሴሪ የተመረጡት ክሪሽና አይየር ከአምስቱ አንዱ ነበሩ። የኮሙኒስቶቹ መሪ ኢ. ኤም. ኤስ. ናምቡዲሪፓድ በኤፕሪል 5 ቀን 1957 አሥራ አንድ አባላት ያሉትን ካቢኔ ሲያቋቁሙ የሕግ ሚኒስትርነቱን ለእርሳቸው ሰጧቸው፤ ወህኒ ቤቶች፣ መስኖና ኤሌክትሪክም በእጃቸው ከነበሩት ሥራዎች መካከል ይቆጠራሉ።

መንግሥቱ ሥራ በጀመረ በሳምንቱ ባልሞላ ጊዜ ገበሬን ከመሬት መንቀልን የሚያግድ አስቸኳይ ድንጋጌ አወጣ። ሰፊው የመሬት ሕግ የገቢዎች ሚኒስትሯ የኬ. አር. ጎውሪ፣ የትምህርት ሕጉ ደግሞ የጆሴፍ ሙንዳሴሪ ሥራዎች ስለ ሆኑ ታሪክ በእነርሱ ስም ይመዘግባቸዋል። የክሪሽና አይየር የራሳቸው የሆነው ሥራ ከእነዚህ ያነሰ ጫጫታ ያስነሣ፣ ነገር ግን ዕድሜው የረዘመ ነው። ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ሰው በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የሚያገኝበት ደንብ በኬረላ በ1958 ወጣ። ተጨማሪ ፍርድ ቤቶች እንዲከፈቱ፣ ለተቸገሩ ሴቶችና ሕፃናት መጠለያ እንዲቋቋም፣ በወህኒ ቤቶችም እስረኛ መብት ያለው ሰው ሆኖ እንዲያዝ አደረጉ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ያሰራቸው የመንግሥት ክፍል አሁን በእርሳቸው ፊርማ የሚታዘዝ ሆኖ ሳለ፣ ሥልጣኑን ለቂም አልተጠቀሙበትም፤ የሠሩት በሕጉና በደንቡ ላይ ነው።

መንግሥቱ ግን ዕድሜ አላገኘም። የትምህርት ሕጉ በግል ትምህርት ቤቶች የመምህራንን ቅጥርና ደመወዝ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ስላደረገ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች የነበሯት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አጥብቃ ተቃወመችው። ነገሩ በፕሬዝዳንቱ በኩል ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ፣ ፍርድ ቤቱ በሜይ 1958 አንዳንድ አንቀጾች የአናሳዎችን መብት እንደሚነኩ አስተያየት ሰጠ፤ ሕጉም ተሻሽሎ ጸደቀ። ተቃውሞው ግን አልበረደም። በማናቱ ፓድማናባን የሚመራው የናየሮች (ከሂንዱ ወገኖች የአንዱ) ማኅበር፣ ሙስሊም ሊግና ኮንግረስ ተጨምረውበት በ1959 «የነጻነት ትግል» በሚል ስም አደባባይ ወጣ። በጁን ወር ፖሊስ በአንጋማሊ በሰልፈኞች ላይ ተኩሶ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ለድኻው ቆሜያለሁ የሚል መንግሥት ፖሊስ በሕዝብ ላይ መተኮሱ ትልቅ እድፍ ነው፤ ክሪሽና አይየርም የካቢኔው አባል እንደ መሆናቸው ከኃላፊነቱ ውጭ አልነበሩም፤ ይህን ሳይጠቅስ የሚያልፍ የሕይወት ታሪክ ሙሉ አይደለም። በጁላይ 31 ቀን 1959 የጃዋሃርላል ኔህሩ ማዕከላዊ መንግሥት የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 356 ጠቅሶ የኬረላን መንግሥት አሰናበተ። መንግሥቱ በዚያች ዕለት በምክር ቤቱ አብላጫውን አላጣም ነበር። በምርጫ የመጣን የክልል መንግሥት ከማዕከል በደብዳቤ ማፍረስ ከዚያ በኋላ በሕንድ ብዙ ጊዜ የተደገመ ልማድ ሆኖ ቆይቷል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥብቅ ገደብ ያበጀለት በ1994 ነው።

እንግዲህ አስተማሪዎ ወደ ነገሯችሁ ምርጫ ደረስን። በፌብሩዋሪ 1960 ምርጫው ሲደገም ተቃዋሚዎቹ ተባብረው ስለ ቀረቡ፣ ኮሙኒስቶች ከበፊቱ የበለጠ የሕዝብ ድምፅ አግኝተው እንኳ መቀመጫቸው ወደ 29 ወረደ። ክሪሽና አይየር በታላሴሪ በኮንግረሱ ተወዳዳሪ በሰባት ድምፅ ተሸነፉ። ቆጠራውን ግን አሜን ብለው አልተቀበሉትም። በዚያን ጊዜ የምርጫ አቤቱታ የሚታየው በ1951 በወጣው የምርጫ ሕግ መሠረት በልዩ የምርጫ ችሎት ነበርና፣ አቤቱታቸውን ለዚያ አቀረቡ፤ ክርክሩም በእርሳቸው አሸናፊነት አልቆ በ1961 የታላሴሪ ሕጋዊ ተመራጭ ተባሉ። ሌላ ተሸናፊ ደጋፊዎቹን አደባባይ በሚያወጣበት ሁኔታ እርሳቸው መዝገብ ከፈቱ። ይህ ዝርዝር ኋላ ስለሚመለስ አንባቢ እንዲይዘው እጠይቃለሁ።

በ1965 እንደ ገና በግል ተወዳድረው ተሸነፉ፤ ኮሙኒስት ፓርቲው ከአንድ ዓመት በፊት ለሁለት ተከፍሎ ነበርና ለሁለቱም ወገን ሙሉ በሙሉ ላልሆነ ሰው ጊዜው አስቸጋሪ ነበር። ያ ምክር ቤት አብላጫ ያገኘ ወገን ስለ ጠፋበት አንድ ቀን እንኳ ሳይሰበሰብ ፈረሰ። ክሪሽና አይየርም ወደ ጥብቅናቸው ተመለሱ።

ጥያቄ፦ የሕግ ተማሪ ነኝ። በአንድ የክፍል ክርክራችን ላይ ሕንዳዊው ዳኛ ክሪሽና አይየር አስቀድመው ሚኒስትር እንደ ነበሩ ተነግሮ፣ ግማሾቻችን ፖለቲከኛ የነበረ ሰው ዳኛ ሊሆን አይገባም አልን። ለመሆኑ እንዴት ተሾሙ? ገለልተኝነታቸውስ ተፈትኗል?

ከሐዋሳ

መልስ፦ የክፍል ጓደኞችዎ ያነሡት ሥጋት በሕንድም በብርቱ ተነሥቶ ነበር። የሕንድ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 217 ለክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኝነት የሚጠይቀው አሥር ዓመት ጥብቅና ወይም የዳኝነት ሥራ ነው፤ ሰውየው በፖለቲካ ውስጥ ነበር አልነበረም ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ ክሪሽና አይየር በ1968 የኬረላ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ሲሾሙ ሕጉ አልከለከላቸውም። ከ1971 ጀምሮ የሕንድ የሕግ ኮሚሽን አባል ሆኑ፤ በጁላይ 1973ም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ገቡ።

ጩኸቱ የበረታው በዚህኛው ሹመት ነው፤ ምክንያቱን ለማወቅ ደግሞ በዚያው ዓመት በኤፕሪል የሆነውን ማየት ያስፈልጋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኬሳቫናንዳ ባራቲ ጉዳይ ፓርላማው የሕገ መንግሥቱን መሠረታዊ መዋቅር ሊያፈርስ አይችልም ብሎ በፈረደ ማግስት፣ የኢንድራ ጋንዲ መንግሥት በማዕረግ የሚቀድሙ ሦስት ዳኞችን አልፎ ሌላ ሰው ዋና ዳኛ አደረገ። (ክርክሩ ራሱ የተነሣው በኬረላ የመሬት ሕግ ላይ ነው።) ከዚህ በኋላ በሦስት ወር ውስጥ ከኮሙኒስቶች ጋር በካቢኔ የተቀመጠ ሰው ሲሾም፣ የቦምቤይ ታላላቅ ጠበቆች መንግሥት ለሐሳቡ የሚገዙ ዳኞችን እየሰበሰበ ነው ብለው ቢቃወሙ ሊፈረድባቸው አይገባም። ከተቃዋሚዎቹ አንዱ የነበሩት ሶሊ ሶራብጂ በኋላ ከአድናቂዎቻቸው አንዱ ሆኑ።

ገለልተኝነታቸው ተፈትኖ እንደ ሆነ ለጠየቁት፣ በጁን 1975 የተፈተነውን ያህል የተፈተነ ዳኛ ጥቂት ነው። በጁን 12 የአላሃባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ተፎካካሪያቸው ራጅ ናራይን ባቀረቡት የምርጫ አቤቱታ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንድራ ጋንዲ የምርጫ ሕግ ጥሰዋል ብሎ ከፓርላማ መቀመጫቸው አነሣቸው። ይግባኙ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ፍርድ ቤቱ በዕረፍት ላይ ነበርና፣ ተረኛው ዳኛ ክሪሽና አይየር ብቻቸውን ጉዳዩን ሊያዩ ሆነ። የሕግ ሚኒስትሩ ኤች. አር. ጎካሌ ስልክ ደውለው ቤታቸው መጥተው ሊያነጋግሯቸው እንደሚፈልጉ ነገሯቸው። ክሪሽና አይየር የሚመጡበትን ምክንያት ጠየቁ፤ ስለ ይግባኙ መሆኑን ሲሰሙ፣ ለዚህ እኔ ዘንድ መምጣት አያስፈልግም፣ አቤቱታውን ለሬጅስትራሩ አስገቡ የሚል መልስ ሰጡ። የደወሉት ሚኒስትር እርሳቸውን በሾመው መንግሥት ውስጥ ነበሩ።

በችሎቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሯ ናኒ ፓልኪቫላ፣ ለራጅ ናራይን ሻንቲ ቡሻን ተከራከሩ። ጁን 24 ቀን የተሰጠው ትእዛዝ ከሁለቱም ወገን የተፈለገው አልነበረም። ፓልኪቫላ የጠየቁት ሙሉ እግድ ተከልክሎ፣ በሁኔታ ላይ የተመሠረተ እግድ ተሰጠ፤ ኢንድራ ጋንዲ በጠቅላይ ሚኒስትርነት ይቆያሉ፣ ፓርላማ ገብተው መዝገብ ይፈርማሉ፣ ይናገራሉ፤ ይግባኙ እስኪወሰን ድረስ ግን እንደ አባል ድምፅ አይሰጡም፣ የአባልነት አበልም አይቀበሉም። ይህ ሌሎች ተራ የምክር ቤት አባላት በተመሳሳይ አቤቱታ ሲሸነፉ ይሰጥ የነበረው ዓይነት ትእዛዝ ነው። ሰባት ድምፅ ጎድሎባቸው በዚያው የምርጫ ሕግ ወንበራቸውን ያገኙ ሰው፣ የአገሪቱን ኃያል ሴት በዚያው ሕግ እንደ ማንኛውም ተመራጭ ቆጠሯቸው። በማግስቱ ሌሊት መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አወጀ፤ የተቃዋሚ መሪዎች ታሰሩ፤ ጋዜጦች በሳንሱር ሥር ወደቁ።

ከዚህ ሌላ፣ ፖለቲካው በፍርዳቸው ውስጥ አልነበረም ብዬ አልከራከርም፤ ነበር። ግን በምን መልክ? በ1978 አንድ የማድያ ፕራዴሽ ግንበኛ በዋስ እንዲወጣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከፈቀደለት በኋላ የሥር ዳኛው የ10,000 ሩፒ ዋስ ጠየቀው፤ ወንድሙ ዋስ ልሁን ሲልም ንብረቱ በሌላ አውራጃ ነው ተብሎ ተመለሰ። ጉዳዩ እንደ ገና ወደ ክሪሽና አይየር ሲመጣ፣ ግንበኛው በ1,000 ሩፒ የራሱ ማረጋገጫ እንዲለቀቅ አዘዙ፤ የዋስ መጠን ሲወሰን የሰውየው ኪስ መታየት እንዳለበት፣ በገዛ አገሩ ያለ ዜጋም ንብረቱ ሌላ አውራጃ ስለ ሆነ እንደ ባዕድ ሊቆጠር እንደማይገባ አስረዱ። ይህን ፍርድ የጻፈው በታላሴሪ የፍርድ ቤት ግቢ ዋስ ያጡ የገበሬ ቤተሰቦችን ሲያይ የኖረ ጠበቃ ነው። በቲሃር ወህኒ ቤት ያለ እስረኛ በሌላ እስረኛ ላይ የተፈጸመ ሥቃይን በደብዳቤ ሲያመለክት፣ ደብዳቤው እንደ ሥርዓተኛ አቤቱታ ተቆጥሮ ታየ። በ1980 የራትላም ከተማ ማዘጋጃ ቤት የፍሳሽ ቦይ የምሠራበት ገንዘብ የለኝም ሲል፣ የገንዘብ እጥረት ነዋሪውን በቆሻሻ ውስጥ ለመተው ምክንያት አይሆንም ብለው ሥራው በጊዜ ገደብ እንዲፈጸም አዘዙ።

ተቺዎቻቸው ቋንቋቸው ያጌጠና ለማንበብ የከበደ ነው፣ አንዳንዴም ዳኛው የሕግ አውጪውን ሥራ ይሠራሉ ይላሉ። የመጀመሪያው ትችት እውነት ነው፤ ፍርዶቻቸውን መዝገበ ቃላት ሳይዙ ማንበብ ያስቸግራል። ሁለተኛው የበለጠ ክብደት አለው፤ የራትላሙ ትእዛዝ የከተማ በጀት ላይ እጅ ማስገባት መሆኑ አይካድም። እኔ በበኩሌ ሚዛኑ ወደ እርሳቸው የሚያደላ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የሚያምኑበትን ነገር በግልጽ፣ ምክንያቱን ጽፈው፣ ይግባኝ ባይና ተቺ ሊያየው በሚችል መልክ አስቀምጠዋል። በክፍላችሁ ለምታደርጉት ክርክር የምመክረው፣ ሰውየው ከየት መጣ ከሚለው ይልቅ ስልኩ ሲደወል ምን መለሰ የሚለውን እንድትመዝኑ ነው።

ስለ ነጻ የሕግ ድጋፍም አንድ ነገር ልጨምር፤ ለተማሪ ይጠቅማልና። በ1958 በአንድ ክልል የተጀመረው ደንብ በዚያ አልቀረም። በ1973 እርሳቸው የመሩት ኮሚቴ በመላው ሕንድ ስለሚዘረጋ የሕግ ድጋፍ ሪፖርት አቀረበ፤ በ1976 ነጻ የሕግ ድጋፍ የመንግሥት ግዴታ ሆኖ አንቀጽ 39ኤ በሚል በሕገ መንግሥቱ ገባ፤ በ1987 ዝርዝር አዋጅ ወጣ፤ አዋጁም በኖቬምበር 1995 በሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ በየአውራጃው የሕግ ድጋፍ መሥሪያ ቤት አለ። ከደንብ ወደ ሕገ መንግሥት፣ ከሕገ መንግሥት ወደ አዋጅ 37 ዓመት የፈጀ ጉዞ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው በሻርጃ ነው፤ የሥራ ባልደረቦቼ አብዛኞቹ የኬረላ ሰዎች ናቸው። ስለ ክሪሽና አይየር ሲነሣ አንዱ ኮሙኒስት ነበሩ ይላል፣ ሌላው የናሬንድራ ሞዲ ደጋፊ ነበሩ ብሎ ይሟገታል። የትኛው ልክ ነው? ፕሬዝዳንት ለመሆንም ተወዳድረዋል ይባላል።

ከሻርጃ

መልስ፦ ባልደረቦችዎ ሁለቱም የሚጠቅሱት ነገር መነሻ አለው። ክሪሽና አይየር በ1952፣ በ1957፣ በ1960ም ሆነ በ1965 የቀረቡት በግል ተወዳዳሪነት ነው፤ ከኮሙኒስቶች ጋር አብረው መሥራታቸው፣ በድጋፋቸው መመረጣቸውና በመንግሥታቸው ሚኒስትር መሆናቸው ግን የታወቀ ነው። በኖቬምበር 1980 በጡረታ ከዳኝነት ከተሰናበቱ በኋላ በ1987 ተቃዋሚዎች፣ በተለይም የግራው ወገን፣ ለፕሬዝዳንትነት አቀረቧቸው። የሕንድ ፕሬዝዳንት የሚመረጠው በፓርላማና በክልል ምክር ቤቶች አባላት ሲሆን የእያንዳንዱ ድምፅ ክብደት በሕዝብ ብዛት ይሰላል፤ በዚህ ስሌት የኮንግረሱ አር. ቬንካታራማን 740,148፣ ክሪሽና አይየር 281,550 አገኙ። ኮንግረስ በያዘው አብላጫ ምክንያት ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነበር።

የሞዲም ነገር እውነት ነው፤ ነገር ግን ከእርሱ በፊት የነበረውን ይዞ መታየት አለበት። በ2002 በጉጃራት ሙስሊሞች በብዛት የተገደሉበት ሁከት ሲነሣ፣ ጉዳዩን የመረመረውን የዜጎች ሸንጎ የመሩት ክሪሽና አይየር ነበሩ፤ የሸንጎው ሪፖርት በወቅቱ ጉጃራትን ይመራ የነበረውን የሞዲን መንግሥት አጥብቆ ኮንኗል። በ2013 ደግሞ እኚሁ ሰው ሞዲ ጠቅላይ ሚኒስትር ቢሆኑ እንደሚደግፉ በይፋ ተናገሩ። ብዙ ወዳጆቻቸው ደነገጡ፣ አዘኑም። እኔ እነዚህን ሁለቱን የሚያስታርቅ ማብራሪያ አግኝቼ አላውቅም፤ አንዱን ለማዳን ሌላውን መደበቅም ተገቢ አይመስለኝም። ለባልደረቦችዎ ሁለቱንም ዓመታት ይንገሯቸው።

በ1999 የሕንድ ሁለተኛውን ታላቅ የሲቪል ሽልማት ፓድማ ቪቡሻን ተቀበሉ። ከዘጠና ዓመታቸው በኋላ እንኳ የኬረላ የሕግ ማሻሻያ ኮሚሽንን መርተዋል፤ ኮሚሽኑም ለክልሉ መንግሥት ብዙ ረቂቅ ሕጎችን አዘጋጅቶ አስረክቧል። በዲሴምበር 4 ቀን 2014 በኮቺ፣ በ99 ዓመታቸው አረፉ።